የአያቴ ቤት ያለችው «ማዳም» እውነተኛ ሊቶግራፍ ናት ወይስ ቅጂ?

የከዚራ ልጅ፦
ሰላም የድሬ ልጆች። አያቴ በወጣትነቷ ከዚራ ውስጥ አንድ የባቡር ፈረንሳይ ቤት ትሠራ ነበር። ሰውየው አገሩ ሲገባ ትቶላት ሄደ የሚባል ሥዕል ሳሎን ተሰቅሏል። ፀጉሯን ከመሃል የከፈለች ሴት ናት። ከሥር «ፋኒ ኤልስለር»፣ ጎኗ ላይ «ክሪሁበር» ይላል። እኛ ግን ማዳም ነው የምንላት። ምሳ ካልጨረስን «ማዳም እያየችሽ ነው» እንባል ነበር። አሁን አጎቴ አዲስ አበባ ወስዶ ሊሸጣት ተነስቷል። እናቴ ደግሞ በእርጥብ ጨርቅ ልትወለውላት። እንዴት ነው የሚታወቀው አቦ?

ጡረተኛው አታሚ፦
ልጄ፣ መጀመሪያ ጨርቁን ከእናትሽ ተቀበያት። እኔ ኦፍሴት የሚባለው የማተሚያ ማሽን ላይ ነው ያረጀሁት፤ ሊቶግራፍ የኦፍሴት አያት ነው። ዜነፌልደር የሚባል ሰው በ1796 እ.ኤ.አ. ሙኒክ ላይ ያገኘው ዘዴ ነው። የኖራ ድንጋይ ላይ ቅባት ባለው እርሳስ ይሣላል። ድንጋዩ ሲረጥብ ባዶው ቦታ ውሃ ይይዛል። ቅባቱ ውሃውን ገፍቶ ቀለሙን ይስባል። ምስሉ ተገልብጦ ስለሚታተም ሠዓሊው ስሙን ሳይቀር ድንጋዩ ላይ ገልብጦ ነው የሚጽፈው። እስቲ ስምሽን ገልብጠሽ ሞክሪው!

ማጉያ መነጽር ጉንጯ ላይ አድርጊ። እንደተበተነ ጤፍ የተዘበራረቀ የእርሳስ ምልክት ካየሽ የድንጋይ ሥራ የመሆን ተስፋ አለው። እኩል እኩል የተሰለፈ ነጥብ ከሆነ ግን እንደ ጋዜጣ ፎቶ በማሽን የተባዛ ነው።

የጁገል ሰው፦
ጋሼ ጨርሰውታል። ስለ ሴትዮዋ ልጨምር። ኤልስለር የቪየና ባሌት ዳንሰኛ ናት። በ1836 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ካቹቻ የሚባለውን የስፔን ጭፈራ ጨፍራ ከተማውን አሳበደችው። ክሪሁበርም የቪየና ሰው ነው፤ ወደ 3000 የሚጠጋ ሊቶግራፍ ሠርቷል። ያኔ ሰው የሚወዳትን ተዋናይ ገዝቶ ግድግዳው ላይ የሚሰቅለው እንዲህ ነበር። የካሴት ቤት ፖስተር በይው። በኋላ በ1854 ዲስዴሪ ፓሪስ ላይ የትንንሽ ፎቶ ካርድ ፓተንት አወጣ፤ ፎቶው ረከሰና ገበያው ወደዚያ ዞረ። ለአጎትሽ ንገሪው፣ ሊቶግራፍ በብዛት ይታተም ስለነበር እውነተኛ ብትሆንም ቤት አታስገዛም።

የከዚራ ልጅ፦
ተመለስኩ። ሰዓት ከሚጠግን ጎረቤት ማጉያ ተዋስኩ። ጉንጯ ላይ ነጥቡ እንደ ወታደር ተሰልፏል። ፍሬሙን ስንፈታው ደግሞ ጀርባዋ ላይ በፈረንሳይኛ «ፌቭሪዬ» (ፌብሩዋሪ) ይላል፣ ከሥሩ የቀን ቁጥር ተደርድሯል። ማዳም የካላንደር ቅጠል ናት! አጎቴ ቡናውን ሳይጨርስ ወጣ።

አያቴ ስነግራት ሳቋን ለቀቀችው። «ማን ትቶልኝ ሄደ አለሽ? ወሩ ሲያልቅ ሊጥሏት ሲሉ እኔ ነኝ ቀድጄ ፍሬም ያሠራሁላት። የጠየቀኝ የለም እኮ።»