ክፍል ውስጥ አፌ አልከፈት ብሎኝ ኮርስ ድሮፕ ላደርግ ነው፤ ቪዛዬን ይነካው ይሆን?

አዲሷ ተማሪ (ኦሃዮ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የባችለር የመጀመሪያ ሴሚስተሬ ነው፣ ቪዛዬ የተማሪ ቪዛ ነው፣ ኤፍ-1። 13 ክሬዲት ይዣለሁ። ባለ 3 ክሬዲቱ ኮርስ ላይ ከውጤቱ 20 በመቶው የሚያዘው ክፍል ውስጥ በመናገር ነው፣ እኔ ደግሞ እጄን ማውጣት አቃተኝ። የምለውን ጭንቅላቴ ውስጥ አስተካክዬ እስክጨርስ ሌላው ቀድሞ ይለዋል። አንድ ቀን ደፍሬ ተናገርኩ። አስተማሪው «ሶሪ?» አለኝ። ደገምኩት። አሁንም «ሶሪ?»። ተውኩት። ከዚያ ወዲህ መጨረሻ ወንበር ነው የምቀመጠው። አገር ቤት የክፍሉ ሰቃይ ነበርኩ እኮ፣ ሰው ከኔ ነበር የሚኮርጀው። አሁን ራሴን ማመን አቃተኝ። የድሮፕ መጨረሻ ቀን አርብ ነው። ለቤተሰብ ይሄን መናገር አይታሰብም፣ ወንድሜ እንደሁ በደወለ ቁጥር ስልክ ላኪልኝ ነው።

የሜሪላንዱ፦
እህቴ፣ ኦንላይን ገብተሽ ራስሽ እንዳትሰርዢው! መጀመሪያ የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ሂጂ። የባችለር ተማሪ ከ12 ክሬዲት በታች መውረድ የሚችለው ቢሮው አስቀድሞ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ሳያስፈቅዱ ወርዶ መገኘት ስታተስ፣ ማለትም በተማሪነት እዚህ የመቆየት ሕጋዊ መብትን፣ ያሳጣል። ግን መውጫ አለሽ። ሕጉ ራሱ የእንግሊዝኛ ችግርን፣ የአሜሪካንን የማስተማር ዘዴ አለመልመድን፣ ደረጃን የማይመጥን ኮርስ ላይ መመደብን እንደ በቂ ምክንያት ይቆጥራል። ቢያንስ 6 ክሬዲት ይዘሽ መቆየት አለብሽ፣ በሚቀጥለው ሴሚስተር ወደ ሙሉ ትመለሻለሽ፣ በዚህ ምክንያት በአንድ የዲግሪ ደረጃ የሚፈቀደው ደግሞ አንዴ ብቻ ነው። ጭንቀቱ ከበረታብሽ በሕመም በኩል ሌላ ፈቃድ አለ፣ የሐኪም ወይም የሳይኮሎጂስት ደብዳቤ ይጠይቃል።

እናት ከዴንቨር፦
የኔ ልጅ፣ እኛ ያደግነው አስተማሪ ሲገባ ብድግ ብለን፣ ዓይናችንን ሰብረን፣ ካልተጠየቅን ሳንናገር ነው። ጨዋነታችን እሱ ነበር። እዚህ ዝም ያለ ልጅ ሳያነብ የመጣ ይመስላቸዋል፣ አስተማሪሽም ክፉ ሆኖ አይደለም። ኦፊስ አወር ላይ፣ ተማሪ ቢሮው በሚቀበልበት ሰዓት፣ ሂጂና ለብቻው አናግሪው። አንድ ጥያቄ ጽፈሽ ይዘሽ ግቢ፣ ከክፍሉ ሰው ሁሉ ፊት ይቀላል። ደግሞ ብቻሽን አትብዪ። እኔ መጀመሪያ የመጣሁ ሰሞን በዓል ሲደርስ ነበር የሚብስብኝ፣ የቄጤማው ሽታ ሳይቀር ይናፍቀኝ ነበር። በአቅራቢያሽ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ካለ የኛን ሰው አታጪም።

ጋሼ (ዳላስ)፦
ልጄ በርቺ። እኛ ቀን ፓርኪንግ እየሰራን ማታ ነው የተማርነው። ያኔ ቀና አድርጎ ያስኬደኝ ለእናቴ የምልካት ነገር ነበር፣ ትንሽም ብትሆን። ለወንድምሽ የምትችይውን ላኪ። ከሐምሌ 2016 በፊት በባንክ ዶላሩ 57 ብር ገደማ ነበር፣ ዛሬ ከእጥፍ በላይ ነው። የክፍሉን ነገር ግን ለቤተሰብ አትንገሪ፣ እናትሽን በከንቱ ማስጨነቅ ነው።

የማስተርስ ተማሪ (ሲያትል)፦
ጋሼ፣ ከይቅርታ ጋር፣ በዚህ አልስማማም። ኤፍ-1 ላይ ያለች ልጅ ትምህርት እየተሰጠ መሥራት የምትችለው በሳምንት እስከ 20 ሰዓት፣ እሱም የመጀመሪያውን ዓመት ካምፓስ ውስጥ ብቻ ነው። ከዚያች ላይ ስልክ ትግዛ? ብሩ ቢረክስ የስልኩስ ዋጋ አብሮ አልወጣም? ትልቁ ጉዳት ደግሞ መደበቁ ነው። ፎቶ ላይ እየሳቅን፣ ስልክ ላይ «ሁሉ ሰላም» እያልን፣ እነሱ የሌለችውን ልጅ ሲያሞግሱ እኛ ለብቻችን እናንሳለን። ለእናቷ ትንገራት እንጂ!

ጋሼ (ዳላስ)፦
ነግራትስ? እናቷ እንቅልፍ አጥታ ከማደር በቀር ምን ታደርግላታለች? መከራን ለብቻ መያዝ እኮ መዋሸት አይደለም፣ ለቤተሰብ ማሰብ ነው።

አዲሷ ተማሪ (ኦሃዮ)፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ቢሮው ለሐሙስ ቀጠሮ ሰጥቶኛል። ግን ስኮላርሺፕም አለኝ፣ 10 ክሬዲት ላይ ብወርድ ይቆረጥብኝ ይሆን? የሚያውቅ አለ?

የማስተርስ ተማሪ (ሲያትል)፦
ጋሼ፣ ለቤተሰብ ማሰብ ነው ያሉትን እኔም ለዓመታት ብዬዋለሁ። እናቴ ግን የሰማችው ከሌላ ሰው ነው፣ የተቀየመችኝም ለምን ደበቅሽኝ ብላ ነው።

ጋሼ (ዳላስ)፦
ያንቺ እናት ጠንካራ ናቸው እንግዲህ። የኔ እናት ደም ግፊት ነበረባት፣ ለሷ ይሄን በስልክ የምነግርበት አንጀት አልነበረኝም፣ ዛሬም ቢሆን አልነግራትም ነበር።