የእናቴን ቁምሳጥን ሳልቆርጥ እንዴት ላስገባው?

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እየገባሁ ነው። አዲሱ ቤት 3 በ4 የሆነ አንድ ክፍል ብቻ ነው። ብፌውንና ሶፋውን ሸጥኩ፤ ኮምቦልቻ ይሞቃል ብዬ ከአምስቱ ብርድ ልብስ ሦስቱን ለጎረቤት ሰጠሁ። አልጋ፣ ምጣድ፣ የቡና ዕቃና የእናቴ ቁምሳጥን ቀረኝ። ቁምሳጥኑን ግን አልሸጥም፤ አባቴ ለሰርጋቸው በእጁ የሠራው ነው።

ቁመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ80፣ ጥልቀቱ 60 ሳንቲም ነው። ትናንት በአይሱዙ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ በሰላም ደረሰ። ወደ ክፍሉ የሚያስገባው ኮሪደር ግን ስፋቱ 90 ሳንቲም ስለሆነ በሩ ጋ ሲደርስ አልታጠፍ አለ። አቁመንም አጋድመንም ሞከርን። በሮቹን፣ መሳቢያዎቹንና የጀርባውን ኮምፔንሳቶ ፈታሁ። የጎኑ ጣውላዎች ከላይኛውና ከታችኛው ጋር በኮላ የተጣበቁ ናቸው፤ ብሎንም ምስማርም አላየሁም። በመዶሻ ቀስ ብዬ ስመታው አንዱ ጥግ ሊሰነጠቅ ሲል ደንግጬ ተውኩት። የጠራሁት አናጺ መሃሉን በመጋዝ ልክፈለው አለኝ፤ አንጀቴ እሺ አላለም። አሁን በረንዳ ላይ ሸራ ለብሶ ቆሟል።

በኮላ የተያያዘ የድሮ ዕቃ በሙቅ ውሃ ወይም በእንፋሎት አላቅቃችሁ መልሳችሁ የገጠማችሁ ካላችሁ፣ እንጨቱ ሳይሰነጠቅ እንዴት አደረጋችሁት?