ማማሰያው አየር አልስብ አለ፣ ምን ይሻላል?

ቦርከና፦ ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ላይ ማማሰያው ከቆዳ ኖራ ገንዳ (የቆዳው ጸጉር የሚለቅበት) የሚወጣ ፍሳሽን ሰልፋይድ፣ ማለትም መርዛማ የድኝ ውህድ፣ በአየር ለማጥፋት ነው። ታንኩ ስፋቱ 1 ሜትር፣ ኢምፔለሩ (የሚሽከረከረው ማማሰያ ክፍል) ስድስት ቀጥ ያሉ ክንፎች ያሉት ባለ ዲስክ፣ 30 ሳ.ሜ፣ ከፈሳሹ ገጽ 60 ሳ.ሜ ጠልቋል። ሻፍቱ (የሚያዞረው ዘንግ) ቧንቧ ስለሆነ አየር ከላይ ገብቶ በክንፎቹ በኩል መውጣት ነበረበት። ባለ 1.5 ኪሎዋት ሞተር በደቂቃ 200 ዙር ያዞረዋል፤ ፈሳሹ አብሮ ይሽከረከራል እንጂ አየር የለም። ከፍታችን ነው? ብሎወር (አየር የሚነፋ ማሽን) ልግዛ?

ጦሳ፦ ከፍታው እዚህ ጥፋት የለበትም። የፈሳሹን ገጽም የቧንቧውን አፍም የሚጫነው ያው አንድ አየር ነው። የጎደለው ፍጥነት ነው፦ 60 ሳ.ሜ ውኃን ለማሸነፍ የክንፉ ጫፍ ቢያንስ በሰከንድ 3.4 ሜትር መሄድ አለበት፣ በ200 ዙር ግን 3.1 ብቻ ነው። ፈሳሹ አብሮ ሲዞር ደግሞ ያም ይቀንሳል። መጀመሪያ አራት ባፍል ግጠም (ፈሳሹ አብሮ እንዳይዞር በታንኩ ግድግዳ ዳር የሚቆሙ ሳንቃዎች)፤ ስፋታቸው 10 ሳ.ሜ፣ ከግድግዳው 1.5 ሳ.ሜ ይራቁ። ቀጥሎ ፑሊ (የቀበቶ መንኮራኩር) ቀይረህ ወደ 270 ዙር ውሰደው፣ ወይም ኢምፔለሩን ወደ 40 ሳ.ሜ አንሳው። በንጹህ ውኃ ሞክር፣ በቧንቧው የላይኛ ቀዳዳ የዕጣን ጭስ አስጠጋ፤ ጭሱ ወደ ውስጥ ከገባ ስቧል። ለዚህ ታንክ ብሎወር ብር ማባከን ነው፤ 2 ሜትር ጥልቀት ቢሆን ሌላ ወሬ ነበር።

ቦርከና፦ 300 ባደርገውስ?

ሐይቅ ዳር፦ ሞተርህን ታቃጥለዋለህ። ጉልበት በፍጥነቱ ሦስተኛ ደረጃ ነው የሚያድገው (ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበት ስምንት እጥፍ)፤ በ300 ዙር አየር ከመግባቱ በፊት ወደ 1.5 ኪሎዋት ይጠይቃል። አየር ሲገባ ጭነቱ ይቀንሳል። ስለዚህ አምፔሩ ድንገት ከጨመረ ቀዳዳው በጸጉርና በኖራ ተደፍኗል ማለት ነው፤ አጥፍተህ ጥረግ። ቀዳዳዎቹንም እይ፦ ከክንፉ ኋላ መሆን አለባቸው፣ ግፊቱ የሚወርደው እዚያ ነው። ፊት ለፊት ከተበሱ ፈሳሽ ይሞላባቸዋል እንጂ አይስቡም።

ከፍታው የሚጎዳህ በሌላ በኩል ነው። በ20 ዲግሪ ንጹህ ውኃ ባሕር ጠለል ላይ በሊትር 9.1 ሚ.ግ. ኦክስጅን ሲይዝ ኮምቦልቻ 7.3 ገደማ፣ ደሴ 6.7 ገደማ ነው የሚይዘው። ሰዓቱ ይረዝማል እንጂ ሥራው አይቀርም። ማንጋኒዝ ሰልፌት (ኦክስጅን ሰልፋይዱን ቶሎ እንዲያጠፋ የሚያግዝ ጨው) ካልጨመርክ ግን ቀኑን ሙሉ ብታዞረው ያዘግማል፤ በሊትር 100 ሚ.ግ. ማንጋኒዝ እንዲደርስ አድርግ።

ጦሳ፦ አረፋው ወደ ቧንቧው አፍ እንዳይደርስ አፉን ከፍ አድርገው። ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን፤ ሲወርድ አሲድ ይበዛል) ከ10 በታች አታውርድ፣ አሲድ ያለበት የፒክል ውኃም (ቆዳው በጨውና በአሲድ የሚነከርበት) ወደዚህ ታንክ አይግባ። አሲድ ከሰልፋይዱ ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ጋዝ (ሃይድሮጅን ሰልፋይድ) ገዳይ ነው፣ ሲበዛ አፍንጫ ሽታውን መለየት ያቆማል። በሩን ክፈት፣ ብቻህንም አትሥራ።