አርቪ በተራ መንጃ ፈቃድ ይነዳ ወይስ ፈተና ይኑረው?

የሦስት ልጆች እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ጉዳይ ላይ ሐሳባችሁን እፈልጋለሁ።

በስፕሪንግ ብሬክ ልጆቹን ይዘን ዲዝኒ ወርልድ ልንሄድ ነው። የምናርፈው ሆቴል አይደለም። ፎርት ዊልደርነስ የሚባል የዲዝኒ የራሱ ካምፕ አለ። በ1971 የተከፈተ ነው፤ 750 ኤከር ያህል ጫካ። አርቪህን፣ ማለትም አልጋና ማድቤት ያለውን የመኪና ቤትህን፣ አቁመህ መብራቱን ትሰካለህ፣ ውሃና ፍሳሹን ታገናኛለህ። ከዚያ በጀልባ ማጂክ ኪንግደም ትሄዳለህ።

ለምን አርቪ እንዳትሉኝ። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነው። እማዬ አብራን ትሄዳለች፣ የውጭ ምግብ ደግሞ አትቀምስም። የራሳችን ማድቤት ካለ ሽሮውም ምስሩም ይሠራል፣ ሁላችንም አብረን እንበላለን።

የሚያከራክረው ነገር ይኸውላችሁ። ባለቤቴ ያየው አርቪ 30 ጫማ ነው። በፎርድ ኢ-450 ሻንሲ ላይ የተሠራ ሲሆን ከነጭነቱ እስከ 14,500 ፓውንድ ይመዝናል። የእኛ የቤት መኪና፣ ቶዮታ ሲየና፣ ባዶዋን 5,000 አትሞላም። አከራዮቹ የጠየቁት መንጃ ፈቃድና ክሬዲት ካርድ ነው። አጭር ቪዲዮ እዩ አሉን። «እስቲ አንዴ ንዳው» ያለ ሰው የለም። ሕጋዊ ነው፤ በሜሪላንድ ተራው የሲ ክፍል መንጃ ፈቃድ እስከ 26,000 ፓውንድ ድረስ ያስነዳል።

ታዲያ ይህ ሕግ ልክ ነው? እኔ አይደለም ባይ ነኝ። እንዲህ ያለ መኪና ለመያዝ የተለየ ፈተና መኖር አለበት። እናንተስ?

ባልቲሞር ነኝ

ሆቴል ያዙና ተገላገሉ። ጾም ምግብ ኦርላንዶም አይጠፋም።

የድሮ ሹፌር፣ ውድብሪጅ

ልጄ፣ ጥያቄሽ ተገቢ ነው። እኔ በወጣትነቴ ከአዲስ አበባ አሰብ ኤንትሬ ነድቻለሁ። በጣርማበር ወጥቼ፣ ከኮምቦልቻ በባቲ ወርጄ፣ ሚሌን አልፌ። በዚያ ዘመን መንጃ ፈቃድ በደረጃ ነበር። አምስተኛ የሚያዘው ከታች ተጀምሮ፣ ልምድ ተይዞ ነው። ሰውን ለማጉላላት አልነበረም። ከባድ መኪና የራሱ ፀባይ አለው። ፀባዩ ደግሞ በቪዲዮ አይለመድም።

ልንገርሽ። ፍሬን ስትይዢ እንደ ሲየናሽ ቶሎ አይቆምም። መሪውን ወደ ቀኝ ስትሰብሪ፣ ከኋላ ጎማው አልፎ የሚተርፈው ክፍል ወደ ግራ ይወጣል። ነዳጅ ማደያ ላይ ፓምፕ የሚገጨው እሱ ነው። ስትታጠፊ ደግሞ የኋላው ጎማ መንገዱን አሳጥሮ ጠርዙ ላይ ይወጣል። ትልቅ ካሚዮን በጎንሽ ሲያልፍ ነፋሱ መጀመሪያ ይገፋሻል፣ ቀጥሎ ይስብሻል። መሪ አጥብቆ ያልያዘ ሰው እዚያ ላይ ይደነግጣል፤ የደነገጠ ሰው ደግሞ መሪውን ከመጠን በላይ ይመልሳል። አደጋው ያኔ ነው።

ከእናንተ ዘንድ እስከ ኦርላንዶ ወደ 850 ማይል ነው። ሳውዝ ካሮላይና ላይ ሃይዌይ ዘጠና አምስት በአብዛኛው በአንድ አቅጣጫ ሁለት ሌይን ብቻ ነው። መሸሻ የለውም። ይህን ሁሉ ልጆችንና እናትን ከኋላ ጭኖ፣ እየነዱ መማር አይገባም። ፈተና ይኑረው።

አርቪ አከራይ፣ አትላንታ

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ አልስማማም። የምተዳደረው አርቪ በማከራየት ነው። ተጎድቶ ሲመለስ የማየውን ልናገር። የተቀደደ የጥላ ሸራ። የተላጠ ጥግ። ዝቅተኛ ጣሪያ ስር ገብቶ የተነቀለ ኤሲ። ጥገናው ያማል፣ ግን ንብረት ነው።

እስቲ ፈተናውን አስቡት። ሰውየው ዲኤምቪ፣ መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ ቀጠሮ ይይዛል። ከሥራ ይቀራል። ለፈተናው የሚሆን አርቪ ደግሞ ራሱ ይዞ መቅረብ አለበት። ከየት ያመጣል? ያው ተከራይቶ ነው። በዓመት አንዴ ለሚወጣ ቤተሰብ ይህ ማለት አትሂዱ ማለት ነው። ገንዘብ ያለው ግን አያግደውም። ይከፍልና ይሄዳል።

ደግሞ ሕግ ከሆነ ለሁሉም ይሁን። ዩሃውል የሚባለው የካሚዮን አከራይ ትልቁ መኪናው 26 ጫማ ነው። የሚፈቀድለት ሙሉ ክብደት 25,999 ፓውንድ ነው። ከአርቪው እጥፍ ሊሆን ትንሽ ቀረው። ያንን ዕቃውን ጭኖ ቤት የሚቀይር ሁሉ በተራ መንጃ ፈቃድ ይነዳዋል። እነሱንም ልንፈትን ነው? አዲስ የመጣ ወገናችን ከአፓርትመንት ወደ አፓርትመንት ሲዛወር ፈተና ይውሰድ?

የሦስት ልጆች እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ወንድሜ፣ የወጪውን ነገር እረዳሃለሁ፤ እኛም ቆጥበን ነው የምንሄደው። ንብረት ነው ያልከውን ግን አልቀበልም። ጥጉን የላጠው ግንብ ከሆነ ንብረት ነው። እዚያ ቦታ ላይ ብስክሌት የያዘ ልጅ ቢኖርስ? የካምፕ መንገድ ልጆች የሚሯሯጡበት ነው። ያንተ መኪና ተልጦ ሲመለስ የሚታይህ የጥገናው ዋጋ ነው። ለእኔ የሚታየኝ ሰውየው ጎኑ ላይ ያለውን ነገር እንዳላየ ነው።

ከፊላደልፊያ

እኔም ፈተናውን እደግፋለሁ፣ ግን ምክንያቴ ሌላ ነው። መንገዱን ማወቅ ራሱ ትምህርት ይፈልጋል።

ከእኛ ወደ ደቡብ ስትወርዱ ባልቲሞር ላይ ዋሻ አለ። ፎርት ማክሄንሪ። አርቪ ደግሞ ፕሮፔን ጋዝ ይዞ ነው የሚሄደው። በዚያ ዋሻ ከ10 ፓውንድ በላይ የሚይዝ የፕሮፔን ጠርሙስ ይዞ ማለፍ ክልክል ነው። ድሮ በኪ ብሪጅ ዞረን እናልፍ ነበር። ድልድዩ መጋቢት 2024 በመርከብ ተገጭቶ ወደቀ። አሁን በምዕራብ በኩል ያለውን ሃይዌይ ስድስት መቶ ዘጠና አምስት መያዝ ነው። ይህን የትኛው ተራ ጂፒኤስ ይነግርሃል? አርቪ እየነዳህ መሆኑን እንኳ አያውቅም።

ከፍታም አለ። ደረም፣ ኖርዝ ካሮላይና፣ አንድ የባቡር ድልድይ አለ። 11 ጫማ ከ8 ኢንች ነበር። የኪራይ ካሚዮኖችንና የአርቪዎችን ጣሪያ ሲልጥ ስለኖረ ቪዲዮውን ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። በ2019 ወደ 12 ጫማ ከ4 ኢንች ከፍ አደረጉት። ከዚያ በኋላም የሚገጨው አልጠፋም። ማስጠንቀቂያው ተለጥፏል፣ መብራቱም ይበራል። ሾፌሩ ግን የመኪናውን ቁመት አያውቅም። ፈተና ቢኖር የመጀመሪያው ጥያቄ «የምትነዳው ስንት ጫማ ነው?» ይሆን ነበር።

አርቪ አከራይ፣ አትላንታ

ይህማ የእኔ ሥራ ነው። ቁመቱን ከመሪው አጠገብ ጽፌ እለጥፋለሁ። ለዚህ ዲኤምቪ አያስፈልግም።

ፍራንክፈርት ነዋሪ

እናንተ የምትመኙት ሕግ እዚህ አለ። ጀርመን ውስጥ በተራው የቢ ክፍል መንጃ ፈቃድ የሚነዳው እስከ 3.5 ቶን ብቻ ነው። ከዚያ በላይ እስከ 7.5 ቶን ሲ1 የሚባል ያስፈልጋል። ለእሱ የሐኪም ምርመራ አለ፣ ትምህርት አለ፣ ፈተና አለ። የእህታችን አርቪ 6.5 ቶን ገደማ ስለሆነ እዚህ ቢሆን ባለቤቷ ያለ ሲ1 ቁልፉን አይነካም። የድሮ መንጃ ፈቃድ ያላቸው ግን በቀድሞው መብታቸው ይነዳሉ። አንዳንዱ ትልቅ መኪና ይዞ አያውቅም።

ሕጉ ግን የራሱን ጣጣ ይዞ መጣ። ሲ1 ውድ ስለሆነ ሰው ሁሉ የሚፈልገው ከ3.5 ቶን በታች የሆነ አርቪ ነው። ፋብሪካዎቹም በዚያው ልክ ይሠሩለታል። ባዶው መኪና ከገደቡ ትንሽ ነው የሚያንሰው። ከዚያ ቤተሰቡ ይገባል፣ ውሃው ይሞላል፣ ብስክሌቶቹ ከኋላ ይሰቀላሉ። ከገደቡ ያልፋል። በበጋ ፖሊስ መንገድ ዳር ሚዛን ዘርግቶ ይመዝናል፤ የበዛበትን ዕቃ ያስወርዳል። ስለዚህ ሹፌሩ ሳይማር፣ መኪናው ደግሞ ከአቅሙ በላይ ተጭኖ የሚሄድበት ጊዜ አለ። ሕግ አውጡ፣ ግን መስመሩን የት ላይ እንደምታሰምሩ አስቡበት።

ነርስ ነኝ፣ ዳላስ

ይቅርታ አድርጉልኝና ሁላችሁም ያያችሁት የፊቱን ወንበር ብቻ ነው። ከኋላ ስላሉት ልጆችስ?

እኛ ቴክሳስ ከ26,000 በላይ ለሆነ አርቪ የቢ ክፍል ያስፈልጋል። ካሊፎርኒያም ከ40 ጫማ በላይ ለሆነው የተለየ መንጃ ፈቃድ ትጠይቃለች። ስለዚህ ግዛቶች ሲፈልጉ መስመር ያሰምራሉ። ነገር ግን የሹፌሩን ፈተና ያለፈ አባት ልጁን የት ያስቀምጣል? የልጅ ወንበር የሚታሰርበት መንጠቆ በተራ መኪና ላይ ግዴታ ነው። ይህን ያህል ክብደት ባለው አርቪ ላይ ግን የፌዴራል ሕጉ አያስገድድም። አርቪው ውስጥ ያለው የጠረጴዛው ወንበር ብዙ ጊዜ የእንጨት ሳጥን ላይ የተነጠፈ ፍራሽ ነው። ቀበቶ ስላለው ብቻ ግጭት ይችላል ማለት አይደለም። ወደ ጎን በሚያይ ወንበር ላይ የልጅ ወንበር አይታሰርም። ፊቱን ወደ ኋላ ባዞረውም ላይ አይታሰርም።

ሰው ደግሞ አርቪን እንደ ቤት ያየዋል። እየሄደ ልጆቹ አልጋ ላይ ይንከባለላሉ። አንዱ ተነስቶ ፍሪጅ ይከፍታል። በ65 ማይል ፍሬን ሲያዝ ያ ልጅ ወደ መስታወቱ ነው የሚሄደው።

እህቴ፣ ለአንቺ ደግሞ ለብቻው አንድ ነገር። እማዬ ቡና ማፍላቷ አይቀርም። ጀበናው በጋዝ ምድጃው ላይ ይጣድ፣ መኪናው ቆሞ፣ መስኮት ተከፍቶ። ዕጣኑ ከሰል ይፈልጋል፤ ከሰሉን ግን ውጭ፣ ከአርቪው ራቅ አድርጋችሁ አቀጣጥሉት። በዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ የማይታይና የማይሸት መርዝ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት የካርቦን ሞኖክሳይድ መቆጣጠሪያውን ቁልፉን ተጭናችሁ ሞክሩት።

የሦስት ልጆች እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የከሰሉን ነገር ዛሬውኑ ለእማዬ እነግራታለሁ። የወንበሩን ግን ማንም አልነገረን። ትንሹ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፣ የራሱ የልጅ ወንበር አለው። ባለቤቴ ያየውን አርቪ ወንበሩን ራሱን ይዘን ሄደን ካልሞከርን አንከራይም።

ኦርላንዶ የምኖር

ሁለት ዓመት ከሆነው ጥሩ ዜና አለሽ። ዲዝኒ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የፓርክ መግቢያ አያስከፍልም። አሥር ዓመት የሞላው ግን የአዋቂ ይከፍላል።

አሁን ወደ ነገሩ። እዚህ አርቪያቸውን ካምፑ ድረስ አምጥተው፣ አቁመውና አገናኝተው የሚያከራዩ አሉ። በአውሮፕላን ወይም በሲየናሽ ትመጣላችሁ። አርቪው ቆሞ ይጠብቃችኋል። ፎርት ዊልደርነስ ውስጥ ቦታው የሚያዘው በኋላ ማርሽ ነው። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ዛፍ በግራም በቀኝም አለ። ለጀማሪ ከባዱ እሱ ነው። አንዴ ከቆመ በኋላ ደግሞ አይነቃነቅም፤ ወደ ፓርኮቹ በአውቶቡስና በጀልባ ነው የምትሄዱት። የካምፑ እንግዳ ስለሆናችሁ ከሌላው ሰው 30 ደቂቃ ቀድማችሁ ትገባላችሁ። ማታ የእሳት ዳር መዝሙር አለ፣ በነጻ። እማዬም ትወደዋለች።

ቦታው የሚለቀቅላችሁ ከቀኑ 1 ፒኤም ጀምሮ ነው። ከአምጪው ሰው ጋር ሰዓቱን ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

የሦስት ልጆች እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ይህንን አላሰብነውም ነበር! ለባለቤቴ አሁን አነበብኩለት። አርቪው በጋሎን ዘጠኝ ማይል ቢሄድ እንኳ ደርሶ መልስ ወደ 190 ጋሎን ነበር የሚፈጀው። ያ ገንዘብ ለማምጫው ይሆናል። የዘንድሮውን በዚህ እንወጣዋለን።

ጥያቄዬ ግን አልተመለሰም። ዘንድሮ እኛ ባንነዳው ያንን አርቪ ሌላ ሰው ያንኑ ቪዲዮ አይቶ ይወስደዋል። እኔም በዚያው መንገድ ላይ ልጆቼን በሲየና ይዤ እሄዳለሁ።

የድሮ ሹፌር፣ ውድብሪጅ

ይህቺን ተናገሪያት! የሚነዳው ሰው ፈቃደኛ ሆኖ ነው የገባበት። አጠገቡ ያለው ግን ማንም አልጠየቀውም። ለዩሃውሉም መልሴ ይኸው ነው። አዎ፣ እነሱም ይማሩ። ድሃ ስለሆነ ሳይማር ይንዳ ማለት ለድሃው ማዘን አይደለም።

አርቪ አከራይ፣ አትላንታ

እሺ ጋሼ፣ እዚህ ላይ ልቅረብ። የዲኤምቪ ፈተናውን አሁንም እቃወማለሁ። ግን አከራዩ ቁልፍ ከመስጠቱ በፊት ተከራዩን ለአንድ ሰዓት አስነድቶ እንዲያይ በሕግ ይገደድ ቢባል እፈርማለሁ። ኋላ ማርሽ፣ መታጠፍ፣ ፍሬን። ያልቻለ አይወስድም፣ ያስያዘው ገንዘብም ይመለስለት። እኔ አሁንም ለጀማሪ የማደርገው ይህንኑ ነው። የማያደርገው አከራይ ግን በዋጋ ይቀድመኛል። ለሁላችንም ግዴታ ከሆነ ያ ይቀራል።

የድሮ ሹፌር፣ ውድብሪጅ

መልካም ሐሳብ ነው፣ ሰዓቱ ግን ያንሳል። በአንድ ሰዓት ባዶ ሜዳ ላይ መዞርን ታሳየዋለህ። ሃይዌይ መግባትን፣ በካሚዮን አጠገብ መሪ መያዝን አታደርስም። ግማሽ ቀን ይሁን፣ ግማሹም ሃይዌይ ላይ። ከኋላ የሚያስገባው ሲሆን ደግሞ ሚስቱም ትውረድና ረዳት መሆን ትማር። ኋላ ማርሽ ሹፌር ብቻውን የሚሠራው ሥራ አይደለም።

አርቪ አከራይ፣ አትላንታ

ግማሽ ቀን ከሆነ ዋጋው ኪራዩ ላይ ይወጣል። ያንን ሕዝቡ ይቀበላል?

የሦስት ልጆች እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

እኔ እከፍላለሁ። ለአንድ ቀን የፓርክ ትኬት የምንከፍለውን እያየሁ ለዚህ አልከራከርም።

ነርስ ነኝ፣ ዳላስ

በዚያው ግማሽ ቀን ውስጥ የልጆቹን ወንበር ማሰር ይግባበት። እሱ ከሌለበት እኔ አልፈርምም።