አሚትሪፕቲሊን ለእግር ማቃጠል፦ ማዞሩና የሆድ ድርቀቱ እንዴት ይቀንስ?

ጠያቂ (አዳማ)፦ እናቴ 64 ዓመቷ ነው፣ ስኳር አለባት። ማታ ማታ እግሯን ስለሚያቃጥላት አሚትሪፕቲሊን ባለ 25 ሚሊግራም፣ በቀን አንድ ፍሬ ታዞላታል። ዛሬ ስድስተኛ ቀኗ ነው። ጠዋት ያዞራታል፣ አፏ ይደርቃል፣ ሆዷም ከደረቀ ሦስት ቀኑ። ማቃጠሉ ግን አልቀነሰም። ወረቀቱ ላይ «ለድብርት» የሚል አንብባ «እኔ አላበድኩም» ብላ ልትተወው ነው።

ፋርማሲስቱ፦ ወንድሜ፣ ለድብርት ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ከ75 እስከ 150 ሚሊግራም ይሰጣል። እንደ እናትህ ያለ፣ ስኳር ለሚያመጣው የነርቭ ሕመም ግን ከ10 ወይም ከ25 ነው የሚጀመረው። መድኃኒቱ አንድ ይሁን እንጂ ሥራው ሌላ መሆኑን ንገራቸው። በስድስት ቀን አልሠራም ማለት አይቻልም፤ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። የጎንዮሽ ጉዳቱ ቀድሞ ይመጣል፣ ጥቅሙ ዘግይቶ። ሰው የሚያቋርጠውም እዚህ መሃል ላይ ነው።

ሊተኙ ሲሉ 4 ሰዓት ላይ ከሆነ የሚውጡት፣ ወደ ምሽቱ 1 ወይም 2 ሰዓት አምጡት፤ የጠዋቱ ድንዛዜ ይቀላል። ማዞሩ ከመኝታ ሲነሱ የደም ግፊት ስለሚወርድ ነው። አልጋው ጠርዝ ላይ ሁለት ደቂቃ ይቀመጡ፣ ከዚያ ይቁሙ። ሌሊት ለሽንት ሲነሱ መብራት ይብራ። ካልተሻላቸው ሐኪሙ ወደ ግማሽ ፍሬ ሊያወርደው ይችላል። የተከፈለው ፍሬ መራራ ነው፣ ምላስም ያደነዝዛል፤ አፍ ውስጥ ሳይቆይ በብዙ ውኃ ይዋጥ።

ሲስተር፦ ለሆዳቸው ውኃና ጎመን፣ ተልባም ጥሩ ነው፤ ማር ግን አይግባበት። ለአፍ ድርቀቱ ውኃ ጎንጨት እያሉ ይዋሉ እንጂ ከረሜላ አይሞከርም፤ ስኳሩ አለ፣ ምራቅ ሲቀንስ ደግሞ ጥርስ ቶሎ ይበላሻል። ሽንት እንቢ ካላቸው ወይም ዓይናቸውን አሟቸው በብርሃን ዙሪያ ቀለበት ካዩ በዚያው ቀን ሐኪም ይያቸው። ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?

ጠያቂ፦ ከስኳሩ ሌላ፣ ጉንፋን ይዟት የገዛነውን ክኒን ማታ ማታ ትወስዳለች። ወገቧን ሲያማት ደግሞ ትራማዶል።

ፋርማሲስቱ፦ ያው ተገኘ! የጉንፋኑን ማሸጊያ ገልብጠህ እይ፤ ክሎርፌኒራሚን (የአለርጂ መድኃኒት ነው) ካለበት እሱም አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ያስተኛል። ሁለቱ ተደራርበው ነው፤ የጉንፋኑ ይቅር። የሚያሳስበኝ ግን ትራማዶሉ ነው። ከአሚትሪፕቲሊን ጋር ሲገናኝ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያስነሳ ይችላል። አልፎ አልፎ ብቻ ከሆነ የሚወስዱት፣ ሐኪሙ እስኪያውቅ ይቆይ። በየቀኑ ከሆነ ግን በድንገት አይቆምም፤ ዛሬውኑ ለሐኪሙ ይነገር። ፍሉኦክሰቲን የተባለውን የድብርት መድኃኒት የሚወስድ ሰውም እንዲሁ ይጠይቅ፣ የአሚትሪፕቲሊኑን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ያደርገዋል።

የማታ ተረኛ፦ ልባቸውን ታመው ያውቃሉ? ከሆነ ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ሳይነሱ መጠኑ አይጨመር። ልብ በኃይል መምታትና ራስን መሳት ካለ ድንገተኛ ክፍል ነው። መድኃኒቱ ላብ ስለሚቀንስ በአዳማ ሙቀት ቀትር ላይ ፀሐይ ላይ አይቆዩ።

ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ መድኃኒቱ ተቆልፎ ይቀመጥ። 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ባለ 25ቱ ሁለት ፍሬ እንኳ ሆስፒታል ያስኬዳል። ልጁ ደህና መስሎ ሲጫወት በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ሊወድቅ ስለሚችል «እስኪ እንየው» አይባልም። አታስመልሱት፣ ማሸጊያውን ይዛችሁ ሩጡ፤ ሐኪሞቹ ኢሲጂውን አይተው ሶዲየም ባይካርቦኔት በደም ሥር ይሰጣሉ።

ጠያቂ፦ አንድ ማታ ብትረሳስ? መተውስ ብትፈልግ?

ፋርማሲስቱ፦ የተረሳው ተረሳ፣ በማግስቱ ሁለት አይዋጥም። በስድስተኛ ቀን ማቆም ብዙም አያስቸግርም፤ ወራት ከቆየ ግን ሐኪሙ ባወጣው መርሐ ግብር በአራት ሳምንት ገደማ ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው። አለዚያ ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታትና እንቅልፍ ማጣት ይመጣል።