ክንፏን የጣለች ንግስት ጉንዳን ይዣለሁ፣ ከዚህ በኋላስ?

ጀማሪው፦
ሰላም ነው ቤቶች፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ ክንፍ ያላቸው ጉንዳኖች ግልብጥ ብለው ወጥተው ነበርና መሬት ላይ የሚሯሯጡትን ትልልቆቹን ለቃቅሜ ያዝኩ። አብዛኞቹ ክንፋቸውን ጥለዋል፣ አንዷ ግን እስካሁን አላት። ሁሉም አንድ ፕላስቲክ እቃ ውስጥ ናቸው፣ ማር ጠብ አድርጌላቸው ዞር ብለውም አላዩት። ንግስት መሆናቸውን በምን ልወቅ? የመስታወት ጎጆ ላዝላቸው ነው፣ ቀጥታ እዛ ላስገባቸው? አብረው መኖርስ ይችላሉ?

ቀጭን ወገብ፦
እንኳን ደህና መጣህ። መጠኗን ተወውና ደረቷን እይ። ጎበጥ ብሎ ወፍሮ ጎኑ ላይ ክንፍ የወደቀበት ጠባሳ ካለ ንግስት ናት፣ ሰራተኛዋ የመብረሪያ ጡንቻ ስለሌላት ደረቷ ቀጭን ነው። አንዳንድ ዝርያ ጭንቅላታቸው ይሄን የሚያክል ሰራተኞች ስላሉት ትልቅ ያየ ሁሉ ንግስት ያዝኩ ይላል። ባለክንፏ ምናልባት ከወንድ ጋር ሳትገናኝ ይዘሃት ይሆናል፣ እንደዛ ከሆነ ከእንቁላሏ የሚወጣው ወንድ ብቻ ስለሚሆን ቤት አትመሰርትም። ግን ተገናኝታም ክንፏን ሳትጥል የምትቆይ ስላለች ለጊዜው አትጣላት።

ጎጆውን ባክህ ተወው ገና ነው! የሙከራ ቱቦ ፈልግና ሲሶውን ያህል ውሃ ሙላው፣ ጥጥ አጥብቀህ ውሃውን እስኪነካ ግፋው፣ ጥጡ ይርጠብ እንጂ ውሃ እንዳያሳልፍ። ከዛ ንግስቷን አስገብተህ አፉን በደረቅ ጥጥ ዝጋው፣ አየር በጥጡ ስለሚገባ ቀዳዳ ምናምን አያስፈልግም። ጨለማ ቦታ አስቀምጠህ እርሳት። እኔ በበኩሌ ለጀማሪ ከባዱ ነገር ይሄ "እርሳት" የሚለው ነው፣ በየቀኑ መብራት እያበሩ የሚያዩዋት ንግስት ደንግጣ እንቁላሏን ትበላዋለች።

ማሩን እንቢ ስላሉ አትስጋ። ላሲየስ ኒገርና ካምፖኖተስ የሚባሉት የጉንዳን ዓይነቶች ንግስቶች የመጀመሪያ ሰራተኞች እስኪወጡ ምንም አይበሉም፣ የማያስፈልጋትን የክንፍ ጡንቻና የሰውነቷን ስብ አቅልጣ ነው እጮቹን የምትመግበው።

አፈር ቆፋሪ፦
እዚህ ላይ እንኳን አልስማማም፣ ዝርያዋን ሳያውቁ "አትመግባት" ማለት ልክ አይደለም። ሚርሚካን የመሰሉት ንግስቶች በተፈጥሯቸው እየወጡ የሚያድኑ ስለሆኑ ዝም ከተባሉ በረሃብ ይሞታሉ። ደግሞ ጥገኛ የሚባሉም አሉ፣ ላሲየስ አምብራተስ ለምሳሌ የሌላ ዝርያ ቤት ሰርጋ ገብታ በዛ ቤት ሰራተኞች ነው ልጆቿን የምታሳድገው፣ ብቻዋን ቱቦ ውስጥ ከዘጋሃት የትም አትደርስም። ስለዚህ ጥርት ያለ ፎቶ ከላይም ከጎንም አንስተህ ለጥፍልን፣ ርዝመቷንም በሚሊሜትር ጻፍ።

አብሮ ስለመኖሩ፣ ለያያቸው። ላሲየስ ኒገር ላይ ብዙ ንግስት አብራ ስትጀምር ሰራተኛ ቶሎ ይበዛል እውነት ነው ግን ሰራተኞቹ ሲወጡ ንግስቶቹ ይጣላሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ የምትተርፈው አንዷ ናት።

ጀማሪው፦
በጣም አመሰግናለሁ ሁለታችሁንም፣ ፎቶ እለጥፋለሁ። እስከዛ ስንት ጊዜ ልጠብቅ ግን? እንቁላል ጥላ እንደሆነስ ሳልረብሽ እንዴት አያለሁ?

ቀጭን ወገብ፦
አፈር ቆፋሪ ያለው ልክ ነው፣ የኔው ምክር ተዘግተው ሳይበሉ ለሚጀምሩት ብቻ ነው። ላሲየስ ኒገር ከሆነች 25 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ላይ ከእንቁላል እስከ ሰራተኛ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ገደማ ነው፣ ቀዝቀዝ ካለ ይረዝማል። ማየት ካማረህ በሳምንት አንዴ በቀይ መብራት ቱቦውን ሳታነሳ፣ ነጭ ክምር ነገር አፏ ስር ካየህ በቃ ሂድ። የመጀመሪያዎቹ ሰራተኞች ድንክዬዎች ናቸው፣ ታመሙ እንዳትል። ያኔ ነው ስኳር ውሃ በጥጥ ጫፍ ነክረህ፣ የተቆራረጠች ትንሽ ዝንብም ጨምረህ የምትሰጣቸው። የተረፈውን በማግስቱ አውጣው ይሻግታል።

አፈር ቆፋሪ፦
አንድ ልጨምር፣ የማታሳድጋቸውን ንግስቶች የያዝክበት ቦታ መልሰህ ልቀቃቸው፣ ሌላ አካባቢ አይሆንም። እና ከመጀመርህ በፊት እወቀው፣ የላሲየስ ኒገር ንግስት ሰው እጅ ላይ 28 ዓመት ኖራለች 😄

ጀማሪው፦
28?? እሺ ጥጡን ልፈልግ።