ተጭኖ የተረፈ የጥርስ ሴራሚክ ለሌላ ታካሚ ይጫን ወይስ ይጣል?

የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን፣ አዲስ አበባ፦
ሰላም የሙያ ባልደረቦቼ። ኢንጎት የምንለውን ድፍን የሊቲየም ዳይሲሊኬት (የጥርስ ሴራሚክ) ቁራጭ በሙቀት አለስልሰን፣ በግፊት ሻጋታ ውስጥ ጭነን ክራውን (የጥርስ ሽፋን) ከሠራን በኋላ፣ ስፕሩ (ቁሱ ወደ ሻጋታው የሚገባበት መተላለፊያ) ሥር ተጣብቆ የሚቀረውን ቁራጭ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንዳንዴ ከክራውኑ ራሱ ይበልጣል። አንዳንድ ላቦራቶሪዎች አጽድተው ለሌላ ታካሚ እንደገና ይጭኑታል፣ ሌሎች ይጥሉታል። የአምራቾቹ መመሪያ አንድ ኢንጎት አንዴ ብቻ ይጫን ነው። እኔም ይጣል ባይ ነኝ። ለሐኪሙ ሳይነገር መጫኑ ደግሞ በምንም መንገድ ልክ ሊሆን አይችልም። የማትስማሙ ምክንያታችሁን ጻፉ።

የላቦራቶሪ ባለቤት፣ አዲስ አበባ፦
ወንድሜ፣ አልስማማም። ኢንጎት የሚገባው በውጭ ምንዛሪ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ዕቃ ስናስመጣ ምን እንደምንከፍል ታውቃለህ። ግማሹን በጣልኩ ቁጥር ወጪው ታካሚው ላይ ነው የሚያርፈው። ሳይንሱም ቢሆን አይከለክልም። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ኢምፕረስና ኢምፕረስ 2 የተባሉ ተጭነው የሚሠሩ ሴራሚኮችን ሁለተኛ ጊዜ ጭኖ ሲለካ በጥንካሬያቸው ላይ ጉልህ ለውጥ አላገኘም። ብረት ስናፈስስስ አዲስ እየጨመርን አሮጌውን እንጠቀም የለ? ሴራሚክ ሲሆን ለምን ነውር ይሆናል?

የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን፦
ጥናቱን እስከ መጨረሻው እናንብበው እንጂ። እዚያው ላይ የኢምፕረስ 2 ክሪስታሎች በሁለተኛው ጭነት አድገው ተገኝተዋል፤ ቁሱ ውስጡ ተለውጧል ማለት ነው። በኋላ ከወጡት ጥናቶች ውስጥ ደግሞ ተደጋግሞ ሲጫን ጥንካሬው እንደሚቀንስ ያገኙ አሉ። ውጤቱ እንደ ቁሱ ዓይነት፣ እንደ ሙቀቱና እንደ ድግግሞሹ ይለያያል። የእኔና የአንተ ምድጃ ከየትኛው ጥናት ጋር እንደሚመሳሰል በምን እናውቃለን?

ሌላም አለ። ጥናት ላይ የሚሰበረው በጥንቃቄ የተለሰለሰ ክብ ዲስክ ነው። መንጋጋ ላይ የሚቀመጠው ክራውን ግን በምራቅ ውስጥ ለዓመታት ይታኘክበታል። አማካይ ጥንካሬው ባይወርድ እንኳ ውጤቱ ከተበታተነ፣ ማለትም አንዱ ጠንካራ ሌላው ደካማ ከሆነ፣ የሚጎዳው ደካማው የደረሰው ሰው ነው።

ብረቱን ያነሳኸው ጥሩ ነው፤ ግን ሥራው አይገናኝም። ብረት ሙሉ በሙሉ ቀልጦ ከአዲሱ ጋር ይዋሃዳል። ሊቲየም ዳይሲሊኬት በ920 ዲግሪ አካባቢ ስንጭነው የብርጭቆው ክፍል ይለሰልስና በግፊት ይፈስሳል እንጂ እንደ ብረት አይቀልጥም። ቅሪቱ ላይ የቀረ የሻጋታ ዱቄት ወይም በመቁረጫ ዲስክ ስንቆርጠው የተፈጠረ ስንጥቅ ቢኖር፣ እዚያው ተጠቅልሎ አዲሱ ክራውን ውስጥ ሊገባ ይችላል።

የጥርስ ሐኪም፣ ሀዋሳ፦
እኔን የሚያሳስበኝ ከጥንካሬው ይልቅ አለመነገሩ ነው። ክራውኑ ሲሰነጠቅ ታካሚው የሚመጣው ወደ እኔ ነው። ጥርሱን አሳንሼ ሞርጄው ይሆን? ሲሚንቶው? ንክሻው? እያልኩ ራሴን እመረምራለሁ። ቁሱ ሁለተኛ ጊዜ የተጫነ መሆኑን ካላወቅሁ ምክንያቱን መቼም አላገኘውም። ከማጣበቄ በፊት ሲሚንቶው እንዲይዝ ውስጡን በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ለ20 ሰከንድ የማሻክረውም አምራቹ ለአንዴ ለተጫነ ቁስ ባወጣው መመሪያ ተማምኜ ነው። የፊት ጥርስ ሲሆን ደግሞ ቀለሙ አለ፤ በድጋሚ ጭነት ሊቀየር ይችላል፣ ታካሚውም መስታወት አይቶ ወዲያው ይነግረኛል።

ቴክኒሺያን፣ ጀርመን፦
እዚህ ጥያቄው በሕግ በኩል ይመጣል። በአውሮፓ ኅብረት የሕክምና መሣሪያዎች ደንብ 2017/745 ከግንቦት 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ነው፤ ለአንድ ታካሚ የሚሠራ ክራውን በዚያ ደንብ ሥር ይወድቃል፣ ላቦራቶሪውም መግለጫ ይሰጥበታል። ከአምራቹ መመሪያ ወጥተህ ከሠራህ ኃላፊነቱ አንተ ላይ ይወድቃል። ቅሪት በአንድ ዕቃ ውስጥ ሲጠራቀም መጀመሪያ የሚጠፋው የባች ቁጥሩ (የምርት ዙሩ መለያ) ነው። ያኔ ከየትኛው እሽግ እንደመጣ ማንም ሊነግርህ አይችልም።

የላቦራቶሪ ባለቤት፦
የባቹን ነገር አልክድም። ግን ጣሉ ብቻ ማለት መፍትሔ አይሆንም። ወጪውስ?

የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን፦
ወጪው የሚድነው ከመጫኑ በፊት ነው ጋሼ። ሻጋታው የሚወጣበትን የሰም ቅርጽ ከነስፕሩ እንመዝን። ኢማክስ ፕሬስ ለተባለው የሊቲየም ዳይሲሊኬት ምርት እስከ 0.75 ግራም ሰም ትንሹ ኢንጎት ይበቃል፤ ብዙ ቦታ ግን በግምት ትልቁ ይገባና ከግማሽ በላይ ይተርፋል። ቀለማቸው አንድ የሆኑ ሥራዎችን አንድ ቀን አዘግይቶ በ200 ግራም ሪንግ (የሻጋታ ቀለበት) አንድ ላይ መጫን ይቻላል። ለዚህ ሐኪሞች የጥድፊያ ትእዛዝ መቀነስ አለባቸው፤ ይህን በግልጽ ልንነግራቸው ይገባል። የተረፈው ደግሞ ለተለማማጆች ይሁን። ጀማሪ ልጅ በአዲስ ኢንጎት እንዲሳሳት ከምናደርግ በቅሪት ይልመድ፣ የስፕሩን አያያዝም ይሞክርበት። ወደ ሰው አፍ ብቻ አይግባ።

ተማሪ፣ ጎንደር፦
ታካሚው አውቆ፣ ዋጋ ተቀንሶለት ቢስማማስ?

የጥርስ ሐኪም፣ ሀዋሳ፦
እኔ አልፈርምም። ገንዘብ ላጠረው ታካሚ በብረት ላይ የተሠራ ፖርሴሊን አለ፤ ርካሽ ነው፣ ባህርይውም ለብዙ አሥርት ዓመታት ተፈትኖ ታውቋል። ድሃ ስለሆነ እርግጠኛ ያልሆንኩበትን ቁስ ልሰጠው አልችልም። ፈቃዱም ቢሆን እኔ በምነግረው ላይ የሚመሠረት ነው፤ ስንት ዓመት ይቆያል ብሎ ቢጠይቀኝ መልስ የለኝም።

የላቦራቶሪ ባለቤት፦
ጫና በማይበዛበት ትንሽ ኢንሌይ (ጥርስ ውስጥ የሚገባ ሙሌት) ላይ አሁንም አቋሜን አልቀየርኩም፤ አንዴ ብቻ በድጋሚ የተጫነ፣ ባቹ የታወቀ ቢሆን እቀበለዋለሁ። ለሐኪሙ በጽሑፍ መነገሩ ላይ ግን ተስማምቻለሁ። ከሰኞ ጀምሮ በየሥራው ማስረከቢያ ላይ የኢንጎቱን ባች ቁጥርና ስንተኛ ጭነት እንደሆነ እናሰፍራለን። ዶክተር፣ ሁለተኛ ጭነት የሚል ካየሽ መመለስ መብትሽ ነው፤ በራሴ ወጪ በአዲስ እሠራዋለሁ።